«አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም»፦ ከአያቴ መደብ እስከ ትግል መድረክ

የሬስሊንግ ታጋዩ አንደርቴከር በጀርባው ተዘርሯል። ረጅሙ ጸጉሩ ፊቱን ሸፍኖታል፤ እጆቹ ግራና ቀኝ ተበትነዋል። ተጋጣሚው ክንዱን ወደ ላይ ሰቅሎ ለሕዝቡ ድሉን እያበሰረ ነው። እኛ ደሴ፣ አያቴ ሳሎን ውስጥ፣ በተከራየነው የቪዲዮ ማጫወቻ ዙሪያ ተኮልኩለን ትንፋሻችንን ውጠናል። አያቴ ከረከቦቱ ፊት ለፊት በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ቶናውን ልታወርድ ስትል ቀና አለችና ሰውየውን አንድ ጊዜ አየችው። «ተዉት እሱን» አለች፤ «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም»።

አፍታም አልቆየ። ሰውየው እጁን እንኳ ሳይመረኮዝ ከወገቡ በላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ አንገቱንም ቀስ አድርጎ ወደ ተጋጣሚው አዞረ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን ሐጂ «አዑዙ ቢላህ!» አሉ። አያቴ አማተበች። እኔና የአክስቴ ልጆች ቤቱን በጩኸት ቀወጥነው።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ጥቁር ካፖርት ለባሽ ቀባሪ ነው (የስሙ ትርጉምም ይኸው ነው)። ሬስሊንግን ለሃያ ምናምን ዓመት ስከታተልም፣ ማን ታላቅ ታጋይ እንደሆነ የምለካው በአያቴ ቃል ሆኖ ቀርቷል።

አባባሉን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ «አይነቃም» ብሎ ይጨርሰዋል፤ እኔ ግን ከአያቴ ጋር «አይሰማም» በሚለው እጸናለሁ። አውቆ የተኛ ሰው መጀመሪያውኑ ነቅቷል፤ የነቃ ሰው እንደገና ከየት ይነቃል? «አይሰማም» ሲባል ደግሞ ነገሩ የጆሮ ብቻ አይደለም። በአማርኛ መስማት መታዘዝም ነው። «ልጄ አልሰማ አለኝ» የምትል እናት ልጇን ወደ ጆሮ ሐኪም አትወስደውም።

የአባባሉ ሸክም ሁሉ ያረፈው ግን «አውቆ» በምትለው አንዲት ቃል ላይ ነው። ለኃጢአቱ ይቅርታ የሚለምን ሰው «አውቄ በድፍረት፣ ሳላውቅ በስሕተት» ሲል ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን። ሒሳብ መክፈያው ሲደርስ ብቻ የሚያብደውንም «አውቆ አበድ» እንለዋለን እንጂ አናዝንለትም። አውቆ የተኛም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ገንዘብ አበድረኸው ሰኞ ገበያ ሲያይህ ዓይኑን ወደ በርበሬው ቁልል የሚመልሰው ወዳጅህ፣ ማመልከቻህን ለሦስተኛ ጊዜ አስገብተህ «አልደረሰንም» የሚልህ ቢሮ፣ ሁለቱም እንቅልፍ የላቸውም። አባባሉ የሚነግርህ ድምፅህን ከፍ አታድርግ፣ ጉሮሮህን አትፍጅ ነው። እንቅልፍ በጩኸት ይባረራል፤ ፈቃድ ግን በጩኸት አይገፋም።

ምንጩን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ጎሕ ሲቀድ ልጅ ያለበት ቤት መገኘት ይበቃል። የጦሳ ጉም ገና ከተማው ላይ ተኝቷል፤ ብርዱ ጣት ይቆረጥማል፤ ከቦኖ ውኃ የሚቀዳው ደግሞ በዕድሜ የሚያንሰው ነው። ጀሪካኑ በሩ ሥር ሲንኳኳ እሰማለሁ። አያቴ መጀመሪያ «ተነሥ ልጄ» ትላለች፤ ቀጥሎ በስሜ፣ ከዚያ በአባቴ ስም ጭምር ትጠራኛለች። የምሩን የተኛ ልጅ በመጀመሪያው ጥሪ ደንግጦ ይነሣል፤ አፉን ጠርጎ «ምን?» ይላል። እኔ ግን በሦስተኛውም ጋቢዬ ውስጥ ድንጋይ ነኝ።

አንድ ጠዋት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለሌላ ሰው እንደምትናገር ሆና፣ «ይህ ልጅስ የምሩን አልተኛም፤ የምሩን የተኛ አፉን ይከፍታል» አለች። እኔ ብልጡ አፌን ከፈትኩ። ሳቋን ከሰማሁ በኋላ ጋቢው ሲገፈፍና ብርዱ ሲገባ አንድ ሆነ።

ያቺ የተከፈተች አፍ በሬስሊንግ ዓለም ስም አላት። ታጋዮች ተመትተው የሕመሙን መጠን ለተመልካች ማሳየትን «መሸጥ» ይሉታል። ዱላውን የሚያሳምነው መቺው ሳይሆን ተመቺው ነው፤ ሻጩ እሱ ነው። ከልክ በላይ የሸጠ ደግሞ አፉን ከፈተ ማለት ነው። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ነሐሴ 2005 ሾን ማይክልስ ከሐልክ ሆጋን ጋር ሲገጥም ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ሆጋን ነካ ባደረገው ቁጥር እንደ ኳስ እየነጠረ፣ በአየር ላይ እየተገለባበጠ ወደቀ። ማይክልስን የሚያክል ባለሙያ ይህን በስሕተት አያደርገውም። እያሾፈ ነበር። ብዙዎች በዚያ ግጥሚያ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሙያውን ሲያላግጥበት ማየት አልወድም።

ሪክ ፍሌር ሌላ ነው። ተመትቶ ወዲያው አይወድቅም፤ ጤነኛ እንደሆነ ሰው ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመድና እንደ ተቆረጠ ግንድ በፊቱ ይደፋል። እሱም የተጋነነ ነው፤ ግን ካመንከው በኋላ ነው የተጋነነ መሆኑ ትዝ የሚልህ። በ1989 ከሪኪ ስቲምቦት ጋር በቺካጎ፣ በኒው ኦርሊንስና በናሽቪል ያደረጋቸውን ሦስት ግጥሚያዎች ያላየ ሰው ስለዚህ ነገር ከእኔ ጋር ባይከራከር ይሻለዋል።

አውቆ መተኛትን ጥበብ ያደረገው ግን ኤዲ ገሬሮ ነው። የኤል ፓሶ ልጅ፣ የታጋይ ቤተሰብ ፍሬ። ዳኛው ፊቱን ባዞረበት ቅጽበት የብረት ወንበር ያነሣል፤ ተጋጣሚውን አይመታበትም። ወለሉን ብቻ ጓ! ያደርግና ወንበሩን ለተጋጣሚው ይወረውርለታል። ያም ሳያስብ ይቀልበዋል። ኤዲ በጀርባው ይዘረጋል። ዳኛው ዞር ሲል የሚያየው ወንበር የያዘ ሰውና የተዘረረ ሰው ነው። በአዳራሹ ያለው ሺህ ሕዝብ እውነቱን ያውቃል፤ የማያውቀው ፍርድ የሚሰጠው አንዱ ሰው ብቻ ነው። (ይህን ትርኢት አይቶ፣ የሚያውቀው ዳኛ ትዝ ያላለው ወሎዬ ካለ ንገሩኝ።) ኤዲ ተኝቶ ሳለ አንድ ዓይኑን ገርበብ ያደርጋታል፤ ያቺ ዓይን ናት ጥበቡ። ለዳኛው ሬሳ፣ ለእኛ ደግሞ ጠቃሽ።

በየካቲት 2004 ብሮክ ሌስነርን የሚያህል ግዙፍ ጥሎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ወሰደ። በመጋቢት ኒው ዮርክ ላይ ከርት አንግል ቁርጭምጭሚቱን ጠምዝዞ ሲይዘው፣ ኤዲ የጫማውን ማሰሪያ ላላ አደረገና ጫማውን በአንግል እጅ ትቶለት እግሩን አወጣ። ያም ባዶ ጫማ ታቅፎ ሲደነግጥ ጠቅልሎ ጣለው። ኤዲ ያረፈው በኅዳር 2005፣ ገና በ38 ዓመቱ ነው።

የከፋው የአውቆ መተኛት ምሳሌም አለ። ጥር 4 ቀን 1999፣ አትላንታ። ሻምፒዮኑ ኬቨን ናሽ ከሆጋን ጋር ሊገጥም መድረክ ላይ ቆሟል። ሆጋን ሊመታው የተንደረደረ መስሎ በአንድ ጣቱ ደረቱን ነካው። ናሽ ሰፊ ጀርባውን መሬት ላይ ጣለ፤ ሆጋን ላዩ ላይ ተኛበት፤ ዳኛው ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቀበቶው ሄደ። ሁለቱ ተነሥተው ተቃቀፉ። ያ ኤዲ የሚጠቅስባት ዓይን እዚህ የለችም፤ እዚህ የተሾፈብን እኛው ነን። በዚያው ምሽት በሌላው ጣቢያ፣ በተቀናቃኙ የሬስሊንግ ድርጅት ትርኢት፣ ቀበቶ የወሰደው ሚክ ፎሊ ነበር፤ ሰኔ 1998 ፒትስበርግ ላይ አንደርቴከር አምስት ሜትር ገደማ ከሚሆን የብረት ጎጆ አናት ወርውሮት፣ ከቃሬዛ ወርዶ ተመልሶ የወጣው ፎሊ። አንዱ በጣት ተነክቶ ተኛ፤ አንዱ ከጣራ ተወርውሮ አልተኛም አለ። ናሽ የተኛበት ድርጅት ሁለት ዓመት ከምናምን በኋላ፣ በመጋቢት 2001፣ ለተቀናቃኙ ተሸጠ። ጣቷ ብቻዋን አፈረሰችው አልልም፤ ዕዳውም ጠቡም ብዙ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግጥሚያ ግን አባባሉን ራሱን የሚፈታተን ነው። መጋቢት 23 ቀን 1997፣ ቺካጎ አጠገብ፤ ብሬት ሃርትና ስቲቭ ኦስቲን። ሕጉ አንዱ «በቃኝ» እስኪል ድረስ ነው፤ ዳኛው ኬን ሻምሮክ። ሲገቡ ሕዝቡ የሚወደው ብሬትን ነው፤ ኦስቲን ባለጌው ነው። ወደ መጨረሻው ብሬት የኦስቲንን እግሮች አቆላልፎ በሆዱ ገለበጠውና ወገቡን ወደ ኋላ አጠፈው። ከግንባሩ የሚወርደው ደም በጥርሶቹ መካከል ሲፈስ ካሜራው ቀርቦ ያሳየዋል። ሻምሮክ ጎንበስ ብሎ ይጠይቀዋል። ኦስቲን ራሱን ይነቀንቃል። በክንዱ መሬቱን ገፍቶ ሊነሣ ይሞክራል፤ ሊያመልጥ አንድ ጣት ሲቀረው ተመልሶ ይወድቃል። ደግሞ ይጠየቃል። መልስ የለም። ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመ። ኦስቲን ተሸነፈ፤ «በቃኝ» ግን አላለም።

እዚህ ላይ የአያቴ ቃል ይጠላለፋል። ኦስቲን የተጫወተው ሰው የምሩን ራሱን ስቷል፤ ቢጠሩት የማይሰማው ስላልቻለ ነው። ኦስቲን ራሱ ግን እያንዳንዱን ጥያቄ ይሰማል። አውቆ የተኛ ሰው፣ የምሩን የተኛን ሰው እየተኛለት ነው። ብሬት ደግሞ ግጥሚያው ካለቀ በኋላ የተዘረረውን ሰው መምታት ሲቀጥል ሕዝቡ ጮኸበት፤ ኦስቲን ማንንም ሳያስጠጋ እያነከሰ ሲወጣ በስሙ እየጠራ ሸኘው። በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ጀግናው ባለጌ፣ ባለጌው ጀግና ሆኖ ወጣ። ይህን ያደረገው ዱላ አይደለም፤ አተኛኘቱ ነው።

የብሬት ታናሽ ወንድም ኦወን ሃርት ግንቦት 23 ቀን 1999 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከአዳራሹ ጣራ በገመድ ሊወርድ ሲል ወድቆ ሞተ። 34 ዓመቱ ነበር። አስተያየት ሰጪው ጂም ሮስ ይህ የትርኢቱ አካል አይደለም እያለ ለቴሌቪዥን ተመልካች ደጋግሞ መናገር ግድ ሆነበት። ለዓመታት አውቀው የሚተኙ ሰዎችን ያየ ዓይን፣ የምሩን የወደቀውን በምን ይለየው? ትርኢቱ ደግሞ ቀጠለ። ስለዚህ ምሽት ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ልጆች ሳለን በምንሄድበት ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ሳንቃው ላይ፣ «ውሸት ነው እኮ!» የሚል አንድ ጎልማሳ አይጠፋም ነበር። ምስጢር ያወጣ ይመስለዋል። የሬስሊንግ ድርጅቱ ባለቤቶች እኮ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ ለመገላገል ብለው ነገሩ ውድድር ሳይሆን ትርኢት መሆኑን ገና በ1989 ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች አስረድተዋል። ሰውየው ግን ከፍሎ ነው የገባው፤ ዳኛው መሬቱን መምታት ሲጀምርም «አንድ! ሁለት!» እያለ ከእኛ ጋር ይቆጥራል። ያኔ ነው መድረኩ ላይ ከተኛው ይልቅ ሳንቃው ላይ የተቀመጥነው አውቀን እንደተኛን የገባኝ። «ውሸት ነው» የሚለው ጥሪ ያልደረሰን ስላልሰማነው አይደለም። ጋቢው ሞቆን ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ ያን ጋቢ ገፈፉብኝ። አንደርቴከር በዓመቱ ትልቁ ግጥሚያ 21 ጊዜ ገጥሞ 21 ጊዜ አሸንፏል። ሌስነር ሦስተኛ ጊዜ አንሥቶ ፈጠፈጠውና ላዩ ላይ ወደቀ። አንድ፣ ሁለት። ይነሣል ብዬ ቡናዬን አልለቀቅኩም። ሦስት። ሰባ ሺህ ገደማ ሕዝብ ፀጥ አለ፤ ካሜራው አፋቸውን የከፈቱ ሰዎችን እየዞረ አሳየ። እነዚህ አፎች አልተሸጡም።

በማግስቱ ማታ ለአያቴ በስልኬ አሳየኋት። አርጅታለች፤ ዓይኗም ደክሟል፤ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየች። «ያ አውቆ የሚተኛው አይደለም?» አለች። ነው አልኳት። ሰውየው ቀስ ብሎ ሲቀመጥ፣ ዓይኑ የትም ሳያርፍ ሲንከራተት ብዙ ቆይታ ተመለከተችውና «አይ፣ ዛሬስ የምሩን ነው» አለች። ሳቅሁባት፤ አሠራሩን ላስረዳትም ሞከርኩ።

አንደርቴከር በዚያ ምሽት በግጥሚያው መሐል ክፉኛ ጭንቅላቱ ተመትቶ ከአዳራሹ ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ነበር። ከዚያ ዕለት አብዛኛውን እንደማያስታውስ በኋላ ራሱ ተናገረ።