ሳንድያቫንዳና፦ እስትንፋስ በማንትራ የሚለካበት የዕለት ጸሎት

ሳንድያቫንዳና በሂንዱ እምነት ንጋትና ምሽት ላይ፣ በብዙዎች ዘንድ እኩለ ቀን ላይም ጭምር የሚፈጸም የዕለት ጸሎት ነው። ውሃ መጎንጨት፣ ለፀሐይ ውሃ ማፍሰስ፣ እስትንፋስን መግዛትና ጋያትሪ የተባለችውን ማንትራ፣ ማለትም በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የሚባል ቅዱስ ቃል፣ ደጋግሞ ማለት ዋና ዋና ክፍሎቹ ናቸው። ዛሬ በየከተማው የሚሰጡ ሥልጠናዎች አተነፋፈስንና ማንትራን ብዙ ጊዜ ለየብቻ ያስተምራሉ። በሳንድያቫንዳና ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ ትንፋሹ የሚለካው በማንትራው ርዝመት ነው።

ጋያትሪ ሪግቬዳ ከተባለው የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱስ ጽሑፍ ሦስተኛ መጽሐፍ የተወሰደች፣ ደራሲዋ ጠቢቡ ቪሽቫሚትራ ነው የሚባልላት፣ ሳቪትር ለተባለው የፀሐይ አምላክ የምትቀርብ አጭር ልመና ናት። «ታት ሳቪቱር ቫሬንያም፣ ባርጎ ዴቫስያ ዲማሂ፣ ዲዮ ዮ ናህ ፕራቾዳያት» ትላለች። በግርድፉ፦ የአምላኩን የሳቪትርን ተወዳጅ ብርሃን እናስባለን፤ እርሱ አእምሯችንን ያነቃቃልን። ባለ ስምንት ስምንት ቀለም ሦስት ስንኞች ስላሏት በድምሩ 24 ቀለም ናት ይባላል። ቆጥሮ የሚያይ ሰው የመጀመሪያው ስንኝ ሰባት ብቻ ሆኖ ያገኘዋል፤ ስለዚህም «ቫሬኒያም» ብለው እያስረዘሙ ጉድለቱን የሚሞሉ አሉ።

ትንፋሹ የሚያዘው በቀኝ እጅ ነው። ሌባ ጣትና መሐል ጣት ይታጠፋሉ፤ አውራ ጣት ቀኙን የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ደግሞ ግራውን ይዘጋሉ። በተለመደው አካሄድ በግራ ይሳባል፣ ይታገዳል፣ በቀኝ ይወጣል። ትንፋሹ በታገደበት ጊዜ የሰባቱ ዓለማት ስም እያንዳንዱ «ኦም» በተባለው ቅዱስ ድምፅ ታጅቦ፣ ከዚያም ጋያትሪና መዝጊያዋ በልብ ይባላሉ። የጥንቱ ሥርዓት ይህን ሁሉ በአንድ የታገደ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ በል ይላል፤ ለጀማሪ የሚሞከር አይደለም። የዮጋ መምህራን የሚጠቅሱት መለኪያም ከባድ ነው፦ ለመሳብ አንድ እጅ፣ ለማገድ አራት፣ ለማውጣት ሁለት።

ቀጥሎ ጃፓ፣ ማለትም ድግሙ ይመጣል። 10፣ 28፣ 108 ወይም 1008 ጊዜ ይባላል። 108 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ አለ፤ በጣት አንጓ የሚቆጥሩም ብዙ ናቸው። አውራ ጣት ከቀለበት ጣት መካከለኛ አንጓ ተነሥቶ ይወርዳል፣ በትንሿ ጣት ይወጣል፣ በጣቶቹ ጫፍ ተሻግሮ በሌባ ጣት ሥር ሲያርፍ አሥር ይሞላል። የማኑ ሕግ በተባለው ጥንታዊ የሂንዱ የሕግ መጽሐፍ መሠረት ከመሥዋዕት ይልቅ በድምፅ የሚደረገው ድግም አሥር እጥፍ፣ በሹክሹክታ የሚባለው መቶ፣ በልብ የሚባለው ሺህ እጥፍ ይበልጣል።

ማንትራዋ ለዘመናት የምትሰጠው የላይኛዎቹ ሦስት የማኅበረሰብ ክፍሎች ወንድ ልጆች በሥርዓት የተቀደሰው ክር ሲታሰርላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 የተመሠረተው የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር አርያ ሳማጅ ለሴቶችና ለሌሎችም ከፍቷታል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የጣሊያኑ የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሉቺያኖ ቤርናርዲና ባልደረቦቹ በ23 ጤነኛ ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ታትሟል። የላቲን የመቁጠሪያ ጸሎትም ሆነ «ኦም ማኒ ፓድሜ ሁም» የተባለው ማንትራ ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ አውርዶ፣ የልብ ምትን ከደም ግፊት ጋር የሚያስማማውን ሥርዓት አጠናክሮ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም የለውጡ ምንጭ የቃላቱ ትርጉም ሳይሆን ርዝመታቸው መሆኑን ይጠቁማል። ትንፋሽ ማገድ ግን ለነፍሰ ጡር፣ ለልብ ሕመምተኛና ግፊቱ ላልተረጋጋለት ሰው አይመከርም።

ሕንዳዊው መምህር ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ያስፋፋው የተመስጦ ዘዴ ደግሞ ትንፋሽን ትቶ ማንትራውን ብቻ ይዟል፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ 20 ደቂቃ ያህል። አስተማሪዎቹ ሃይማኖት አይደለም ይላሉ። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1977 በኒው ጀርሲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዳይሰጥ ከልክሏል፤ ውሳኔውም በ1979 በይግባኝ ጸንቷል። ከማስረጃዎቹ አንዱ ተማሪው ማንትራውን ሲቀበል በሳንስክሪት ዜማ የሚፈጸመው ሥነ ሥርዓት ነበር።