ማንጎውም ምድርን ይስባል

ድሬ ላይ በርጫው ከሞቀ የማይነሳ ርዕስ የለም። ሰሞኑን ደግሞ ስበት ተነሳ። እዚያ ከተባሉት ጥቂቱን ልምረጥ፤ ሌላም ቦታ ደጋግመው የሚሰሙ ናቸውና።

«ምድር ማንጎውን ትስባለች እንጂ ማንጎው ምድርን አይስብም።»

ይስባል፤ ያውም እኩል። አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ መሠረት ስበት የአንድ ወገን ሥራ አይደለም። ሁለቱ ይሳሳባሉ። ኃይሉ የሚወሰነው የሁለቱን መጠነ ቁስ፣ ማለትም የያዙትን የቁስ ብዛት፣ አባዝቶ በመሃላቸው ላለው ርቀት ካሬ በማካፈል ነው። ሲባዙ ደግሞ ማን ቀደመ ማን ተከተለ ለውጥ የለውም። 300 ግራም ማንጎን ምድር በ3 ኒውተን (በስሙ የተሰየመ የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ወደ ታች ስትስብ፣ ማንጎውም በዚያው በ3 ኒውተን ምድርን ወደ ላይ ይስባታል።

«እኩል ከሆነ ለምን ማንጎው ብቻ ይወድቃል?»

ክርክሩ የሚጦዘው እዚህ ላይ ነው። ባዶ ባጃጅ የሚያንደረድር ግፊት የተጫነ ሲኖትራክን ንቅንቅ አያደርገውም። ግፊቱ ግን ያው ነው። ምድር 6 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ኪሎ ገደማ ናት። ማንጎው ከ5 ሜትር ላይ ለመውደቅ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ሰከንድ ምድርም ወደ ማንጎው ትጠጋለች፤ የምትጠጋው ግን ከአንድ የአቶም አስኳል ስፋት ከቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚያንስ ርቀት ነው። ማን ያየዋል?

«ትንንሽ ነገሮች እርስ በርስ አይሳሳቡም።»

ከፊራ ገበያ ውስጥ አንድ ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ባለ 100 ኪሎ ጆንያዎችም ይሳሳባሉ። ኃይሉ ግን የአንዲት ደቃቅ የጨው ቅንጣት ክብደት ቢያክል ነው። ጆንያዎቹን ከመሬቱ ሊያላቅቅ አይችልም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1798 ይህን የመሰለ ስበት ለካ። በቀጭን ሽቦ በተንጠለጠለ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ትንንሽ የእርሳስ ኳሶች ሰቀለ። 158 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ትልልቅ ኳሶች ሲያስጠጋላቸው ሽቦው ተጠመዘዘ። ነፋስ እንዳይረብሸው ክፍሉን ዘግቶ ከውጭ በቴሌስኮፕ ነበር የሚያነበው። አቦ፣ ትዕግሥቱ ብቻ! ከዚያች ጥምዝታ ያሰላው የምድር እፍጋት ዛሬ ከሚታወቀው የሚለየው በ1 በመቶ ገደማ ነው።

«ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል።»

ምድር ከባዱን አብልጣ ትስበዋለች፤ ይህ እውነት ነው። ከባዱን ማንቀሳቀስም በዚያው ልክ ስለሚከብድ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው አየር ነው። ጠፈርተኛው ዴቪድ ስኮት በ1971 አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ ባንዴ ሲለቅ እኩል አረፉ።

«ጨረቃ ዝም ብላ በቆመች ምድር ዙሪያ ትዞራለች።»

ምድር ጨረቃን በመጠነ ቁስ 81 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች፤ ግን እሷም ቆማ አታውቅም። ሁለቱም የጋራ የመጠነ ቁስ ማዕከላቸውን ነው የሚዞሩት። ጨረቃ በድሬ አናት ላይ ስትሆን ያ ማዕከል ከከዚራ ሰፈር ሥር 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ በ1995 ፀሐይን በመሰለ ሌላ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ፕላኔቷን አላዩዋትም። ያዩት በእሷ ስበት ኮከቡ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው።