ሰዓት ተይዞ ሒሳብ መፈተን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮሌጅ ገብቶም 7 ሲደመር 8ን በጣቱ የሚቆጥር ተማሪ አለ። ሰነፍ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። ዲስካልኩሊያ የሚባል የሒሳብ መማር ችግር ሊኖርበት ይችላል። ባለሙያዎች ይህን ለመለየት ብዙ ጊዜ ሰዓት የሚያዝበት ሙከራ ይሰጣሉ። ስለ ሙከራው ግን የተሳሳተ ነገር በብዛት ይወራል።

«መልሱን ካገኘ ምንም አልሆነም»

ብዙዎችን ሳይታወቁ የሚያስቀረው ይሄ ነው። የኮሌጅ ተማሪ ጊዜ ከሰጡት ቀላል ድምር አይሳሳትም። በዓመታት ያዳበረው ዘዴ አለው። ከጠረጴዛ ሥር ይቆጥራል፤ ወይም 7 እና 7ን ደምሮ 1 ይጨምራል። ወረቀቱን ብቻ ብታዩ ከጎበዙ አትለዩትም። ጎበዙ 15ን ወዲያው ያስታውሰዋል፣ እሱ ግን ለፍቶ ይደርስበታል። ይህን ልፋት የሚያሳየው ሰዓቱ ነው። የተሳሉ ነጠብጣቦችን መቁጠርም እንደዚሁ ነው። አብዛኛው ሰው እስከ 4 የሚደርሱ ነጥቦችን ሳይቆጥር በአንድ እይታ ያውቃል። ዲስካልኩሊያ ያለበት ሰው 3 ነጥብ እንኳ አንድ በአንድ ሊቆጥር ይችላል።

«የዘገየ ሁሉ ዲስካልኩሊያ አለበት»

በፍጹም። ትኩረት ማጣትም ያዘገያል። የሒሳብ ፍርሃትም እንዲሁ፤ ሐሳቡ በጭንቀት የተያዘ ሰው ለስሌቱ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። ለዚህ ነው ጥሩ ሙከራ ቁጥር የሌለበት ሥራም የሚጨምረው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብራያን በተርወርዝ በ2003 ለልጆች ባዘጋጀው የዲስካልኩሊያ መለያ ሙከራ ላይ ተማሪው ምልክት ሲያይ ቁልፍ ብቻ የሚጫንበት ክፍል አለ። እዚያ ፈጥኖ ቁጥር ላይ ብቻ ከዘገየ፣ ችግሩ ከቁጥሩ ጋር ነው ማለት ነው።

ለእኛ ልጆች ደግሞ ቋንቋ አለ። የማባዣ ሰንጠረዥን በአማርኛ የሸመደደ ልጅ አሜሪካ ሄዶ በእንግሊዝኛ ቶሎ መልስ ሲባል መጀመሪያ በልቡ ይተረጉማል። ፈታኙ ይህን ካላወቀ ልጁን ይበድለዋል። ንገሩት።

«የጥቂት ደቂቃ ሙከራ ይበቃል»

አይበቃም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት ችግሩ በትምህርት ቤት ዕድሜ የጀመረ መሆን አለበት። ይህን የጥቂት ደቂቃ ሙከራ አያሳይም፤ ስለዚህ የድሮ የትምህርት ቤት ካርዳችሁን አትጣሉ።

«ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት መጠየቅ ማጭበርበር ነው»

አሜሪካ ውስጥ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የመማር ችግር ያለባቸውንም ይጠብቃል። ግን ተማሪው ራሱ ወደ ኮሌጁ ቢሮ ሄዶ መጠየቅ አለበት። እስከ 12ኛ ክፍል ያገኘው ድጋፍ በራሱ ተከትሎት አይመጣም።