የአሜሪካ አገረ ገዥዎች ዝርዝር፦ ስለ ምንጮቹና ስለ ግምገማው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሥልጣን ላይ ያሉ የአሜሪካ አገረ ገዥዎችን ዝርዝር ለውክፔዲያ ማዘጋጀት ሲያዩት ቀላል ነው። ሃምሳ ረድፍ፣ ስም፣ ፓርቲ፣ ቀን፣ ፎቶ፤ አለቀ። «ተመራጭ ዝርዝር» ለሚባለው የጥራት ማዕረግ ለግምገማ ሲቀርብ ግን ስሞቹ እምብዛም ችግር የለባቸውም። ዝርዝሩን የሚጥሉት ቀኖቹ፣ የግርጌ ማጣቀሻዎቹና የፎቶዎቹ ፈቃድ ናቸው። ሃምሳ ክፍለ ግዛት ማለት ሃምሳ ሕገ መንግሥት ማለት ነው፤ የአንዱን አሠራር አይቶ ለሌላው መሙላት አይቻልም። አዘጋጆችም ገምጋሚዎችም ደጋግመው የሚሳሳቱባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ እንያቸው። ለይተን ካልጠቀስን በስተቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ሁሉም ሥራ የሚጀምሩት ጃንዋሪ 1 ነው»

ለኒውዮርክ ልክ ነው። ቴክሳስና ኒው ጀርሲ ግን በጃንዋሪ ሦስተኛው ማክሰኞ ያስምላሉ። ሉዊዚያና በሁለተኛው ሰኞ፣ ቨርጂኒያ ከሁለተኛው ረቡዕ ቀጥሎ በሚውለው ቅዳሜ፣ አላስካና ሃዋይ ደግሞ ገና በዲሴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ነው። ኬንታኪ ከምርጫው ቀን በኋላ አምስተኛውን ማክሰኞ ትቆጥራለች።

ይህን ማወቅ ለገምጋሚ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ ያለውን ቀን ከምንጩ ጋር ከማመሳከር በፊት በቀን መቁጠሪያ መፈተን ይቻላልና። ኬንታኪ በ2019 ምርጫ ያካሄደችው ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ማክሰኞዎች ቁጠሩ፦ ኖቬምበር 12፣ 19፣ 26፣ ዲሴምበር 3፣ ዲሴምበር 10። አንዲ በሺር ሥልጣን የያዙት በዚሁ በዲሴምበር 10 ነው። በቨርጂኒያ የ2022 ጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ 12ኛው ቀን ስለነበር ቅዳሜው 15 ይሆናል፤ ግሌን ያንግኪን ቃለ መሐላ የፈጸሙት በዚያ ቀን ነው። ስሌቱና ሠንጠረዡ ከተለያዩ ወይ ቀኑ ተሳስቷል፣ ወይ ሰውየው የመጡት በመተካት ነው። በሁለቱም መንገድ ምንጩ ተከፍቶ መነበብ አለበት።

«ምርጫው ከታወቀ፣ ወይም መልቀቂያው ከተነገረ፣ ዝርዝሩ ይቀየራል»

አይቀየርም። የኒውዮርኩ አንድሩ ኩሞ እንደሚለቁ ያስታወቁት ኦገስት 10 ቀን 2021 ሲሆን መልቀቂያው የሚጸናው ከ14 ቀን በኋላ ነበር። ካቲ ሆኩል አገረ ገዥ የሆኑት ኦገስት 24 እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በመካከሉ ባሉት ሁለት ሳምንታት ረድፉ የኩሞ ነው፤ ሊጨመር የሚችለው የመልቀቂያውን ቀን የሚናገር ማስታወሻ ብቻ ነው። አገረ ገዥው ለሌላ ከፍተኛ ሹመት ቢታጭ፣ ለፕሬዝዳንትነት ወይም ለምክትልነት ቢወዳደርም እንዲሁ ነው፤ ቲም ዋልዝ በ2024 ለምክትል ፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ የሚኔሶታ አገረ ገዥ እንደሆኑ ቀጥለዋል።

ምርጫ ሁሉ በኖቬምበር ይካሄዳል የሚለው ግምትም ያሳስታል። የሉዊዚያናው ጄፍ ላንድሪ ኦክቶበር 14 ቀን 2023 በተደረገው የመጀመሪያ ዙር ከግማሽ በላይ ድምፅ በማግኘታቸው በኖቬምበር ሁለተኛ ዙር አላስፈለገም።

«የመጀመሪያው ቀን ዓምድ ያሁኑን የሥራ ዘመን መጀመሪያ ያሳያል»

ዓምዱ ሹሙ ያለማቋረጥ በቦታው የተቀመጠበትን የመጀመሪያ ቀን ይይዛል። ለሆኩል ኦገስት 24 ቀን 2021 እንጂ ከ2022 ምርጫ በኋላ የመጣው ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 አይደለም። የአላባማዋ ኬይ አይቪ በኤፕሪል 10 ቀን 2017 ሮበርት ቤንትሊን ተክተው ገቡ፤ ከዚያ በ2018ና በ2022 ተመረጡ። አላባማ ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ አትፈቅድም፤ ነገር ግን የቤንትሊን ቀሪ ጊዜ መጨረሳቸው ሁለት ሙሉ ዘመን ከመመረጥ አላገዳቸውም። ስለዚህ «የሥራ ዘመን የሚያበቃበት» የሚለውን ዓምድ ከመጀመሪያው ቀን ላይ ስምንት ዓመት በመደመር መሙላት ስህተት ያመጣል። ቨርጂኒያ ተከታታይ ዘመንን ጨርሶ ትከለክላለች፣ ቴክሳስ ገደብ የላትም (ሪክ ፔሪ ከዲሴምበር 2000 እስከ ጃንዋሪ 2015 ቆይተዋል)፣ ኒው ሃምፕሸርና ቨርሞንት ደግሞ የሚመርጡት በየሁለት ዓመቱ ነው።

«አገረ ገዥ ሲጎድል ምክትሉ ይተካል፤ ሌላ የሚመረመር ነገር የለም»

በዚህ ክፍል ብዙ ዝርዝሮች ይወድቃሉ። ሜይን፣ ኒው ሃምፕሸር፣ ኦሪገንና ዋዮሚንግ ምክትል አገረ ገዥ የላቸውም። አሪዞናም አልነበራትም፤ በ2022 በሕዝብ ድምፅ ቦታውን ፈጥራ የመጀመሪያውን ምርጫ ለ2026 መድባለች። ኦሪገን ላይ የሚተካው የክፍለ ግዛቱ ጸሐፊ፣ ማለትም ምርጫንና የድርጅት ምዝገባን የሚመራው ሹም ነው። ኬት ብራውን በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2015 ጆን ኪትዝሃበርን የተኩት በዚህ መንገድ ነው። በሜይንና በኒው ሃምፕሸር ተራው የሴኔቱ ፕሬዝዳንት ነው። በቴነሲና በዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ የምክትልነቱን መጠሪያ የሚይዘው ሴኔቱን የሚመራው ሰው ስለሆነ፣ በሕዝብ የተመረጠ ምክትል አድርጎ መጻፍ ስህተት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ተተኪው አገረ ገዥ ነው ወይስ ተጠባባቂ?» የሚለው ነው። በማሳቹሴትስ ቦታው ሲጎድል ምክትሉ የሚሠራው በተጠባባቂነት ነው፤ ጄን ስዊፍት ከ2001 እስከ 2003 ክፍለ ግዛቱን የመሩት በዚህ ማዕረግ ነው። ኒው ጀርሲ እስከ 2010 ምክትል አልነበራትም። ሪቻርድ ኮዲ በሴኔት ፕሬዝዳንትነታቸው ከኖቬምበር 2004 እስከ ጃንዋሪ 2006 በተጠባባቂነት መሩ፤ በኋላ የወጣ ሕግ ቢያንስ 180 ቀን በተጠባባቂነት የሠሩትን ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉ አገረ ገዥ አደረጋቸው። ተራ ቁጥሩም አብሮ ተለወጠ። ስለዚህ «56ኛው» «75ኛው» የሚል ዓምድ ማስገባት የምትፈልጉ ከሆነ የክፍለ ግዛቱን የራሱን አቆጣጠር ውሰዱ፤ ራሳችሁ አትቁጠሩ። ካሊፎርኒያ ጄሪ ብራውንን ሁለት ጊዜ፣ 34ኛና 39ኛ ብላ ቆጥራቸዋለች። በእኛ ግምት ቁጥሩ ለአንባቢ ከሚጠቅመው ይልቅ ለአዘጋጁ የሚያመጣው ክርክር ይበልጣል፤ ቢቀር ይሻላል።

«የአገረ ገዥው ድረ ገጽ ከሁሉ የተሻለ ምንጭ ነው»

ለዛሬ ጥሩ ነው፤ ለነገ መጥፎ። የጽሕፈት ቤቱ አድራሻ ሰው ሲቀየር አብሮ አይቀየርም፤ ይዘቱ ግን በአንድ ሌሊት ተጠርጎ የአዲሱ ሹም ይሆናል። ትናንት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበባችሁበት ማስፈንጠሪያ ዛሬ የሌላ ሰው ፎቶ ያወጣል። አንባቢው የማጣቀሻ ቁጥሩን ሲጫን የሚያገኘው ሠንጠረዡ የሚለውን አይደለም፤ አገናኙ ደግሞ «አልሞተም»ና የተሰበሩ ማስፈንጠሪያዎችን በራሱ እየፈለገ የሚያድን ፕሮግራም (ቦት) እንኳ አያገኘውም።

መፍትሔው ምንጩን በጠቀሳችሁበት ቀን ገጹን የድረ ገጾችን ቅጂ በየቀኑ በሚይዘው መዝገብ፣ በዌይባክ ማሽን፣ ማስቀመጥ፣ በማጣቀሻው ውስጥ ሁለቱንም አድራሻ፣ የተነበበበትን ቀንና የተቀመጠበትን ቀን መጻፍ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ የባለቤቱ ቃል መሆኑንም አትርሱ። ለልደት ቀን፣ ለመሐላ ቀን፣ ለቀድሞ ሹመት ይሆናል፤ «ኢኮኖሚውን የለወጡ» ለሚል ሐረግ አይሆንም።

በ1908 የተጀመረው ብሔራዊ የአገረ ገዥዎች ማኅበር በሥልጣን ላይ ያሉትንም የቀድሞዎቹንም አጭር የሕይወት ታሪክ ስለሚይዝ ለማመሳከር የተሻለ ነው። ያም ሆኖ ለክርክር መቁረጫ አይደለም። ሁለት ምንጮች በአንድ ቀን ከተለያዩ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ በመጀመሪያ የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት የሥራ ዘመኑ መቼ ይጀምራል እንደሚል አንብቡ፤ ቀጥሎ በዕለቱ ወይም በማግሥቱ የታተመ የአካባቢ ጋዜጣ ዘገባ ፈልጉ፤ በመጨረሻ የማኅበሩን ገጽ ተመልከቱ። ልዩነቱ ካልተፈታ ሁለቱንም በማስታወሻ አስቀምጡ።

የሌላ ቋንቋ ውክፔዲያ ምንጭ አይሆንም። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው የሚተረጉም ሰው ማጣቀሻዎቹን ሳይከፍት ከገለበጠ ያላነበበውን አነበብሁ ማለቱ ነው፤ እያንዳንዱ ተከፍቶ ዓረፍተ ነገሩን መደገፉ መታየት አለበት።

«ከሠንጠረዡ ራስ ላይ አንድ ማጣቀሻ ይበቃል»

ያ ማጣቀሻ ሁሉንም ዓምድ ከሸፈነ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ግን ስምና ፓርቲን ይሸፍናል፤ የልደት ቀንን፣ የቀድሞ ሥራንና የዘመን ገደብን አይሸፍንም። አንድ ረድፍ ምረጡ፣ ማጣቀሻውን ክፈቱ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱን ሣጥን በጣታችሁ እያመለከታችሁ «ይህ እዚህ አለ?» በሉ። ሦስት አራት ረድፍ ላይ ይህን ስታደርጉ የትኛው ዓምድ ባዶ እጁን እንደቆመ ይገለጣል። ለዚያ ዓምድ በየረድፉ የራሱ ማጣቀሻ ይሰጠዋል፤ ወይም ዓምዱ ይወጣል።

«የመንግሥት ፎቶ ነጻ ነው»

ነጻ የሚሆነው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ያነሣው ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ይህን ለክፍለ ግዛቶች አይሰጥም፤ የአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት ያሰራጨው ይፋዊ ፎቶ በአብዛኛው በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው። ካሊፎርኒያና ፍሎሪዳ የሚታወቁ ልዩ ሁኔታዎች ናቸው። መውጫው ሹሙ ቀደም ሲል የኮንግረስ አባል ከነበረ የዚያን ጊዜ ፎቶ መጠቀም ነው፤ ዋልዝም ሆኩልም በተወካዮች ምክር ቤት ስለነበሩ እንዲህ ዓይነት ፎቶ አላቸው። የፎቶውን ዓመት በመግለጫው ላይ ጻፉ። ነጻ ፎቶ ከሌለ ሣጥኑ ባዶ ይሁን።

«ፓርቲ አይለወጥም»

የዌስት ቨርጂኒያው ጂም ጀስቲስ በ2016 በዴሞክራትነት ተመርጠው በኦገስት 2017 ሪፐብሊካን ሆኑ። ቻርሊ ክሪስት በ2010 የፍሎሪዳ አገረ ገዥ ሳሉ ሪፐብሊካኖችን ትተው ከፓርቲ ነጻ ሆኑ። ዝርዝሩ አሁን ያለውን ፓርቲ ያሳያል፤ የተመረጠበት በማስታወሻ ይገባል። በሚኔሶታ የፓርቲው ስም የዴሞክራት፣ የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲ ነው፤ በስሙ ይጻፍ፣ በድምሩ ግን ከዴሞክራቶች ጋር ይቆጠር። ፓርቲን በቀለም ብቻ አታሳዩ፤ ቀለም የማይለይ አንባቢና በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር የሚጠቀም አንባቢ ምንም አያገኙም።

«አገረ ገዥ ያላቸው ሃምሳው ብቻ ናቸው»

ፖርቶ ሪኮ፣ ጓም፣ የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች፣ የአሜሪካ ሳሞአና የሰሜን ማሪያና ደሴቶችም የራሳቸውን ይመርጣሉ፤ የብሔራዊ የአገረ ገዥዎች ማኅበር አባላት 55 የሆኑት ለዚህ ነው። በተለየ ሠንጠረዥ ይቀመጡ። በእነርሱ ላይ ቀኑ የአካባቢው ቀን ይሁን፦ ጓም ላይ ሰኞ ማለዳ የሆነ ነገር በዋሽንግተን ገና እሑድ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ግን ከንቲባ እንጂ አገረ ገዥ የላትም። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ጋር በአንድ ከተማ ኑሮ ስለተሳሰረች በዝርዝሩ የሚፈልጓት አሉ፤ አንድ መስመር ማስታወሻ ይበቃቸዋል።

«ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ ዘመን መመለስ ስምንት ዓመት መቀነስ ነው»

ከጃንዋሪ እስከ መስከረም 1 ዋዜማ ልዩነቱ ስምንት፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ሰባት ነው። የሚያደናቅፈው ግን ቀኑ ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ያለው መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይዛነፋል። የበሺር ዲሴምበር 10 ቀን 2019 በተለመደው ሠንጠረዥ ታኅሣሥ 1 ይመስላል፤ ትክክሉ ኅዳር 30 ቀን 2012 ነው። የላንድሪ ጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ታኅሣሥ 29 ቀን 2016 ነው፤ ታኅሣሥ 30 አይደለም። የያንግኪን ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 ግን በተለመደው ስሌት ጥር 7 ቀን 2014 ይወጣል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፤ በሠንጠረዡ የሚደረደረው ግን አንዱ ብቻ ይሁን። በስም ስትደረድሩም ሃዋይን አንድ ቦታ በሃ፣ ሌላ ቦታ በሐ ከጻፋችሁ ሶፍትዌሩ በመካከላቸው የለ ቤቶችን፣ ሉዊዚያናን ጭምር ያስገባል።

«አንዴ ኮከቡን ካገኘ ሥራው አልቋል»

ተመራጭ ዝርዝር የሚል ማዕረግና ምልክቱ የሆነውን ኮከብ ያገኘ ገጽ ሊነጠቅ ይችላል፤ የዚህ ዓይነት ዝርዝር ደግሞ በፍጥነት ያረጃል። አንድ ሰው ሲቀየር የሚነካው ረድፉ ብቻ አይደለም። ስሙ፣ የመደርደሪያ ቁልፉ (ሶፍትዌሩ ስሙን በተራ የሚያስቀምጥበት ጽሑፍ)፣ ፎቶው፣ ፓርቲው፣ ሁለቱ ቀኖች፣ የቀድሞ ሹመቱ፣ በመግቢያው ያለው የፓርቲዎች ድምር፣ «እስከዚህ ቀን ድረስ» የሚለው ቀን፣ የቀለም ካርታው፣ ከገጹ ግርጌ ያለው የማውጫ ሣጥን አብረው ይለወጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ድምሩና ካርታው ነው፤ ካርታው በሌላ ፋይል ስለሚኖር ረድፉን ያስተካከለው ሰው አያየውም። 36 ክፍለ ግዛቶች በ2022፣ በ2026 እያለ በየአራት ዓመቱ ይመርጣሉ (ከእነዚህ ኒው ሃምፕሸርና ቨርሞንት በመካከሉም ይመርጣሉ)፤ ኒው ጀርሲና ቨርጂኒያ ከፕሬዝዳንታዊ ምርጫ በኋላ ባለው ዓመት፣ ኬንታኪ፣ ሉዊዚያናና ሚሲሲፒ ከፕሬዝዳንታዊው በፊት ባለው ዓመት ይመርጣሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ሙሉ ፍተሻው ከዲሴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ተጀምሮ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል፤ በጃንዋሪ መጀመሪያ ብቻ የሚያይ ሰው ኬንታኪን ዘግይቶ፣ ቴክሳስን ደግሞ ቀድሞ ይጽፋል።