ብሬከር እያለ ለምን ይነዝረናል?

"ብሬከር አለኝ፣ ምን አሰጋኝ?" የሚል ብዙ ነው። ብሬከር ግን በዋናነት የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። 16 አምፔር የተጻፈበት ከዚያ በላይ ጭነት ካልመጣበት ዝም ይላል። ሰውን ለመግደል ደግሞ የ1 አምፔር ጥቂት መቶኛ ይበቃል።

ታዲያ ምጣዱ ሲነዝር ማን ይቁረጥ? አርሲዲ (RCD) የሚባለው መሣሪያ ነው። በፌዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) የሄደው በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መመለሱን ያነጻጽራል፤ ከጎደለ በሰው ወይም በሌላ መንገድ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ቤት የሚገጠመው ዓይነት 30 ሚሊአምፔር (የ1 አምፔር 3 መቶኛ) ከጎደለው በቅጽበት ይቆርጣል። "ቲ" የተጻፈባት ቁልፍ መሞከሪያው ናት።

አሮጌ ቤት ውስጥ አረንጓዴና ቢጫው የኧርዝ ሽቦ (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው) ብዙ ጊዜ የለም፤ ሶኬቱ ላይ ቦታው ብቻ አለ! ያኔ አርሲዲው የሚቆርጠው ሰው ሲነካ ነው። ኧርዝ ካለ ግን ማንም ሳይነካው ይቆርጣል።

ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ወረደ ብሎ በ32 አምፔር መቀየርማ ቀጭኑን ሽቦ ግድግዳ ውስጥ መጥበስ ነው።