ኩክሪ ደም ሳይቀምስ ወደ ሰገባው አይመለስም?

ኩክሪ ጉርካ የሚባሉት የኔፓል ተወላጅ ወታደሮች የሚታጠቁት ጎባጣ ቢላ ነው። «የጉርካ ወታደር ኩክሪውን አንዴ ከመዘዘ ደም ሳያፈስ አይመልሰውም» የሚለውን ወሬ ብዙ ሰው እንደ ሕግ ይዞታል። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ኔፓል ገጠር ውስጥ ኩክሪ የቤት ዕቃ ነው፤ እንጨት ይፈለጥበታል፣ ሥጋ ይከተፍበታል፣ ቁጥቋጦ ይመነጠርበታል። በቀን ስንት ጊዜ የሚመዘዝ ቢላ በየመዘዙት ደም ከጠየቀማ ማን ይተርፋል? በውጭ ዝናው የናኘው እንግሊዞች ከ1814 እስከ 1816 እ.ኤ.አ. ከኔፓል ጋር ተዋግተው ጉርካዎችን በጦራቸው ካሰለፉ ወዲህ ነው።

ቅርጹም ያደናግራል። ስለቱ እንደ ማጭድ በጎበጠው ውስጠኛ በኩል ነው። ወደ ጫፉ ሰፋ ከበድ ስለሚል፣ ሲወርድ የራሱ ክብደት ያግዘዋል። ከሰገባው ጀርባ ሁለት ትንንሽ ቢላዎች ይሸጎጣሉ፦ ካርዳ ለጥቃቅን ሥራ፣ ስለት የሌለው ቻክማክ ደግሞ ዋናውን ለመሳል።