«ምን ጥልቅ አደረገሽ?» ለምትሉኝ

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አወጣና አዲስ ስለጀመረው «ኦንላይን ቢዝነስ» ያስረዳን ጀመር። መጀመሪያ ብር ታስገባለህ። በየቀኑ ጥቂት ቪዲዮዎች ላይክ ታደርጋለህ። በቀን 3 በመቶ ይታሰብልሃል። ከሥርህ ሰው ካስገባህ ደግሞ ከእነሱም ይደርስሃል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ወደ ስልኩ ስትጠጋ አላስቻለኝም። «ይሄ ማጭበርበር ነው» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ ቶናውን እየቀዱ «አንቺ ልጅ፣ ምን ጥልቅ አደረገሽ? የሰው እንጀራ አትዝጊ» አሉኝ።

በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት 12 ዓመት ሆኖኛል። ሰው በስንት ጊዜ ያጠራቀመውን ብር በአንድ ቀን አውጥቶ ሲሄድ አያለሁ። አንዳንዱ ለቤት ክዳን ነው፣ አንዳንዱ ለልጅ ሠርግ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ብዙው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። «ምን አገባሽ» የሚለውን ከዘመድም ከባልደረባም ሰምቼ ሰልችቶኛል። ስለዚህ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ይከፍላል እኮ፤ እኔ ራሴ አውጥቻለሁ»

አዎ፣ ይከፍላል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይከፍላል። መክፈሉ ነው ማስታወቂያው። 500 ብር አውጥታችሁ ስክሪንሾቱን ግሩፕ ላይ ስትለጥፉ፣ ከኋላ ለሚመጡት ሃያ ሰዎች ያለ ደመወዝ ቀስቃሽ ሆናችኋል።

በቀን 3 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ አስባችሁታል? ሳይወጣ እየተደመረ ቢሄድ 1,000 ብር በአንድ ዓመት ከ48 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ካልኩሌተር አውጡና ሞክሩት። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ በእጁ ያለ ሰው የእናንተን ሦስት ሺህ ብር ለምኖ አይሰበስብም። ሰው ማስገባቱም ያው ነው። እያንዳንዱ 6 ሰው ቢያስገባ 11ኛው እርከን ላይ ብቻ ከ362 ሚሊዮን በላይ አዲስ ሰው ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ቢገባ አይሞላውም።

«ይሄ እኮ ዕቁብ ማለት ነው»

ይሄኛው ያመኛል። ዕቁብ ውስጥ 30 ሰው ከገባ 30 ሰው ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። በየዙሩ 1,000 ብር የጣለ ሰው ተራው ሲደርስ 30,000 ብር ይወስዳል፣ ትርፍ የሚባል ነገር የለውም። አንድም አዲስ ሰው ሳይጨመር እስከ መጨረሻው ዙር ይዘልቃል። እነዚህ ግን አዲስ ሰው መግባት ባቆመበት ቀን ያበቃላቸዋል። ዳኛው ማን እንደሆነ አታውቁም፣ ቤቱን አታውቁም፣ ዋስ የለም። እናቶቻችን ልጅ ያስተማሩበትን ነገር ስሙን ለዚህ አታውሱት።

«ንግድ ፈቃድ አለው፣ ቢሮም አለው»

ንግድ ፈቃድ የሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ አያስችልም። ባንክ ከሆነ ፈቃዱን የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው። እንደ እኛ ያለው ማኅበር በኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፣ ኦዲትም ይደረጋል። አክሲዮንና ኢንቨስትመንት ከሆነ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ። ሰው በማስገባት ላይ የቆመ የፒራሚድ ሽያጭ ደግሞ ቢሮው ያማረ ቢሆንም በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። የግድግዳው ወረቀት ላይ ምን ዓይነት ሥራ እንደተጻፈ ቀርባችሁ አንብቡ። «ጠቅላላ አስመጪ» የሚል ፈቃድ ይዞ በቀን ወለድ የሚከፍል ካገኛችሁ መልሱን አገኛችሁ።

«የሚበላው ያልተማረ ሰው ብቻ ነው»

እኛ ዘንድ ብር አውጥተው ካስበሉት ውስጥ መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ የሒሳብ ሠራተኛም አለ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ከሚገባው ሰው ብር እየወሰደ ለቀደሙት «ትርፍ» ብሎ ይከፍል የነበረው በርናርድ ማዶፍ ያታለላቸው ባንኮችና ትላልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጭምር ነበሩ።

«መናገር ምቀኝነት ነው፤ የሰው እንጀራ መዝጋት ነው»

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ ናቸው። የማውጫ ቅጹን ሲፈርሙ ጣቶቻቸው በበርበሬ ቀልተው ነበር፣ ወረቀቱም ላይ ትንሽ ቀይ አሻራ ቀረ። 40,000 ብር ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉና «ኦንላይን ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ገባኝ። ልናገር አልኩና ተውኩት። ገንዘቡ የራሳቸው ነው፣ ምርጫው የራሳቸው ነው፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። ብድር ፈልገው ነው። ስልካቸውን አሳዩኝ። ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ የተጻፈ ትልቅ ቁጥር አለ፣ ከ200,000 በላይ። ከሥሩ ደግሞ ለማውጣት አስቀድሞ «ታክስ» መከፈል አለበት ይላል። ብድሩ ለዚያ ታክስ ነበር። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ሁለት እህቶቻቸውንና አምስት የጽዋ ማኅበር ጓደኞቻቸውን አስገብተዋል። እንደዚያ የሚባል ታክስ እንደሌለ፣ ግብር ለገቢዎች እንጂ ለቴሌግራም አድሚን እንደማይከፈል አስረዳኋቸው። ስልኩን ቀስ ብለው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ «ያኔ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

አውቅ ነበር። ያልኩት ይህንኑ ነው። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

እንግዲህ የማን እንጀራ ነው የሚዘጋው? ይህ ነገር የሚያተርፈው ምርት የለውም። ዛሬ ለአክስቴ ልጅ የተከፈለው ብር ትናንት ከገባ ሰው ኪስ የወጣ ነው። ያ ሰው ደግሞ ነገ የሚገባውን ይጠብቃል። እኔ ዝም ስል ያተረፍኩት የአንድን ሰው ፊት ብቻ ነው። አሳልፌ የሰጠሁት ግን ስምንት ሰው ነው፣ አንዷን እናትና ከኋላቸው የገቡትን ሰባት። ምቀኛ ሰው ያለውን ሲያጣ ደስ የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚናገረው ሰው የሚለምነው ያለህን አትጣ ብሎ ነው።

የመዘግየት ዋጋው ስንት እንደሆነ የማዶፍ ታሪክ ያሳያል። ሃሪ ማርኮፖሎስ የተባለ የፋይናንስ ባለሙያ የማዶፍ ትርፍ በሒሳብ ሊሆን እንደማይችል ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማመልከት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በ2005 ረጅም ሰነድ ጽፎ አስገባ። የሰማው አልነበረም። ነገሩ የፈረሰው በታኅሣሥ 2008 ነው። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ውስጥ የጡረታ ገንዘባቸውን ያስገቡትን ሰዎች አስቧቸው።

ሌላም አለ። ዋንኮይን የሚባለው የውሸት ክሪፕቶ (የኢንተርኔት ገንዘብ) እ.ኤ.አ. በ2014 ተጀምሮ በዓለም ዙሪያ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ በላ። መሥራቿ ሩያ ኢግናቶቫ በ2017 ጠፋች፣ እስካሁን የገባችበት አይታወቅም። የዋንኮይን ሰዎች የሚተቿቸውን «ሄተር» ይሏቸው ነበር፣ የእኛው «ምቀኛ» መሆኑ ነው። ጄን ማክአዳም የተባለች የስኮትላንድ ሴት ራሷም ገብታ ቤተሰቧንና ጓደኞቿን አስገብታ ነበር። አንድ የማታውቀው ሰው በኢንተርኔት ማጭበርበር መሆኑን በግልጽ ነገራት። ማረጋገጫ ጠየቀችው፣ ሰጣት። ከዚያ በኋላ አደባባይ ወጥታ ተናገረች። ዛቻና ስድብ ወረደባት፣ አላቆመችም። እኔ ከታሪኩ የማልረሳው ግን ያን የማይታወቅ ሰው ነው። «ምን ጥልቅ አደረገኝ» ብሎ ቢያልፋት ኖሮስ?

«ማስረጃ ሳይኖር መናገር ስም ማጥፋት ነው»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። ስለዚህ ስንናገር እንጠንቀቅ። እኔ ራሴ በዚህ ተሳስቻለሁ። አንድ ጊዜ ተናድጄ ሰው የምታስገባ አንዲት ወጣትን ፎቶ ሰፈር ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ፣ «አጭበርባሪ» ብዬ። ልጅቷ እህቷ የሰጠቻትን የዓረብ አገር ብር ሙሉ በሙሉ አስበልታ የነበረች ናት። እሷ ከማንም በላይ ተበልታለች። ፎቶውን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ግን ያየው አይቶታል።

ከዚያ ወዲህ የምናገረው ሊቆጠር የሚችለውን ነው። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ በቴምብር የሚለወጥ የፖስታ ኩፖን ከውጭ በርካሽ ገዝቼ እቀይራለሁ፣ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። ቦስተን ፖስት ጋዜጣ ላይ የወጣው መልስ ስድብ አልነበረም። ቆጠራ ነበር። ፖንዚ ያለውን ለመሥራት ወደ 160 ሚሊዮን ኩፖን ያስፈልገዋል፣ በዓለም ላይ የሚዘዋወረው ግን 27,000 ገደማ ነው። በቃ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታሰረ።

ስለዚህ የሰው ስም ከመጥራታችሁ በፊት ጥያቄ ጠይቁ። ትርፉ ከምን ይመጣል? ሰው ባይገባ ይቀጥላል? ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው? ያያችሁትንና በእጃችሁ ያለውን ብቻ ጻፉ። የሰማችሁትን «ሰማሁ» በሉ። የተበላን ሰው ደግሞ በሰው ፊት አታሳፍሩት። ያፈረ ሰው ይደብቃል፣ የደበቀ ሰው ብሩን ለማስመለስ ተጨማሪ ይከፍላል።

«እኔ ቀድሜ ወጥቻለሁ፤ የቀረው የራሱ ጉዳይ ነው»

ትርፍ ብላችሁ የወሰዳችሁት ከኋላ የመጣው ሰው ብር ነው። አሜሪካ ውስጥ ዚክ ሪዋርድስ የሚባለው ተመሳሳይ የኦንላይን ማጭበርበሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲዘጋ ፍርድ ቤት የሾመው ንብረት ጠባቂ ካስገቡት በላይ ያወጡ ሰዎችን ከሶ አስመልሷል። የማዶፍም ጉዳይ ላይ ማጭበርበሩን ያላወቁ ሰዎች ጭምር ትርፋቸውን መልሰዋል። በሕግ ባትጠየቁ እንኳ በእናንተ ሊንክ ለገባችው እህታችሁ ምን ትሏታላችሁ?

«ከተበላ በኋላ ምንም አይደረግም»

ይደረጋል፣ ግን ፍጥነት ይፈልጋል። ብሩን በላካችሁ ሰዓት ባንካችሁን ወይም ቴሌብር ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮምን አሳውቁ፣ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ የመያዝ ዕድል ያለው ያኔ ነው። የዝውውር ኤስኤምኤሶችን አታጥፉ። የቴሌግራሙን ወሬ፣ የአካውንት ስምና ቁጥሩን፣ ቀንና ሰዓቱን ስክሪንሾት አንሱና ለሌላ ሰው ስልክ ላኩት፣ ምክንያቱም አድሚኑ ግሩፑን በአንድ ሌሊት ሊያጠፋው ይችላል። ለፖሊስ በጽሑፍ አመልክቱ። አታላይነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስጠይቅ ነው። ብዙ ሰው ሆናችሁ አንድ ላይ ብታመለክቱ ይሻላል፣ የአንድ ሰው 5,000 ብር ትንሽ ይመስላል፣ የስልሳ ሰው ግን አይመስልም። «የተበላብህን ብር አስመልስልሃለሁ፣ የአገልግሎት ክፍያ ላክ» ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ ያው ሌባ ነው፣ ወይም ስልካችሁን ከሌባው የገዛ ሌላ ሌባ።

የአክስቴ ልጅ ትናንት ማታ ደወለልኝ። ተቆጥቶ ነበር የጀመረው፣ አክስቴን አስደነገጥሻት አለኝ። አስደነግጬ ከሆነ እርሳቸውን ይቅርታ እንደምጠይቅ ነገርኩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። እስካሁን የሚያወጣው ትንሽ ትንሹን ነበር። አሁን ሙሉውን፣ ዋናውንም ትርፉንም፣ በአንድ ጊዜ ለማውጣት እንዲሞክር። እያወራን ሞከረው።

ዛሬ ጠዋት ስጠይቀው «በሂደት ላይ ነው ይላል» አለኝ።